በሁለት ፉርጎ መካከል

ጠጋ በሉ፤ ይህ ወሬ ጮክ ተብሎ አይወራም። በወጣትነቴ በአንድ የባቡር ግቢ ውስጥ ፉርጎ ስቀጥል ኖሬያለሁ። የት አገር፣ የትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር፤ እንጀራውን በልቻለሁ። አሁን ካትሌሆንግ ነኝ፤ ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ እኛ ሐበሾች በጅምላ «ሎኬሽን» ከምንላቸው ሰፈሮች በአንዱ ሱቅ ይዣለሁ። ሰፈርተኛው በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም በአገሩ ወግ «ንታቴ» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ዳቦውን ሲቀበሉኝ ቀኝ እጃቸውን አየሁት፤ ሁለት ጣት ከአንጓው በላይ የለም። «ፉርጎ ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው የኔን እጅ ፈለጉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ዳቦውን ለመግዛት ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቆመን እናወራለን።

የምናወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድሮዎቹ ነው፤ ከሳቸውም ከአባታቸውም በፊት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በጀርሚስተን ግቢ ስለ ሠሩት ልጆች። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዘመን በባቡር ግቢ አንድ ወጣት ሲሞት የሚጻፈው ወረቀት በየትም አገር አንድ ዓይነት ነበር፦ ቀኑ፣ የፉርጎው ቁጥር፣ «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት»፣ ፊርማ። ድንገተኛ አደጋ ይባልና ይዘጋል። እኛ ውስጥ የነበርነው ግን አንድ ነገር እናውቃለን፤ ማንም ፊት ለፊት አይናገረውም እንጂ ከነጂው እስከ ግቢው ኃላፊ የማያውቀው የለም። እሱን ነው ላወራችሁ የፈለግሁት።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ጀርሚስተን ከኛ ሰፈር በስተሰሜን ነው፤ ካትሌሆንግ ራሷ በ1940ዎቹ ስትቆረቆር የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ዱካቶሌ ከሚባለው የጀርሚስተን ጥቁሮች ሰፈር ተነሥተው የመጡ ናቸው። በዚህ አገር ከጀርሚስተን የሚበልጥ የሐዲድ መጋጠሚያ የለም። ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት 1890 ነው፤ ለወርቅ ማዕድኖቹ የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ሐዲድ ከቦክስበርግ እስከ ጆሃንስበርጉ ብራምፎንቴን ተዘረጋ። በበሬ ሠረገላ የሚነግደው ገበሬ ባቡር የሚባል ነገር አልፈልግም ስላለ የፕሬዚዳንት ክሩገር መንግሥት ብልህ ሆኖ «ትራም» ብሎ ጠራው፤ ሐዲዱ ግን ያው ሐዲድ ነው። በ1892 የኬፕ መስመር ደረሰ፣ በ1895 ከዴላጎአ ቤይ የሚመጣው በፕሪቶሪያ በኩል ተቀጠለ፣ የናታሉም ተከተለ። ሁሉም ያኔ ኤላንድስፎንቴን ይባል በነበረው በዚያ መጋጠሚያ ማለፍ አለበት። ከሰል፣ እንጨት፣ ዲናሚት፣ የማዕድን ማሽን፣ ዱቄት፣ ሰው። ሁሉም ተቀላቅሎ ይመጣል፣ እዚያ ተለይቶ ይሄዳል።

«ተለይቶ ይሄዳል» ስል ቀላል ይመስላል። አርባ ፉርጎ ይዞ የገባ ባቡር ሦስቱ ለአንዱ ማዕድን፣ አምስቱ ለሌላው፣ አንዱ ለጥገና ነው። መፍታት፣ ማሽከርከር፣ መልሶ መቀጠል ሊኖር ነው። የሚፈታውና የሚቀጥለው ደግሞ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ሐዲድ ላይ የነበረው መቀጠያ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ መሀል ላይ አፉ እንደ ደወል የሰፋ ብረት አለ። በአንደኛው አፍ ውስጥ ረጅም የብረት ቀለበት ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ፉርጎዎች ሲጠጋጉ ያንን ቀለበት ከፍ አድርጎ ወደ ሁለተኛው አፍ የሚያስገባ እጅ ያስፈልጋል፤ ከገባ በኋላ ከላይ ፒን ይወርዳል። ቀለበቱ ከባድ ነው፤ ካልያዙት አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ደንቡ በእንጨት ወይም ጫፉ በተቆለመመ ብረት አንሡት ይላል። እንጨቱ ግን ሌሊት ይንሸራተታል፣ ብረቱም ሥራ ያጓትታል። እጅ ይፈጥናል።

ስለዚህ ልጁ ገብቶ ይቆማል። ከኋላው የቆመው ፉርጎ፣ ከፊቱ የሚመጣው ፉርጎ። ግራ እጁ ፒኑን፣ ቀኝ እጁ ቀለበቱን ይዟል፤ ፋኖሱ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሮው ከዓይኑ ይበልጥ ይሠራል፤ ሎኮሞቲቩ ሲነካና ሲያቆም ፉርጎዎቹ እኩል አያቆሙም፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጁ ያንን ድምፅ ይቆጥራል። እሱጋ ሲደርስ ቀለበቱ ገብቶ እጁ ወጥቶ መሆን አለበት። በአንድ ምት ቢዘገይ ጣት ይሄዳል፤ በሁለት ቢዘገይ ወይም እግሩ ሐዲድ መገንጠያው ላይ ቢያዝ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ድምፅ የሌለው ፉርጎ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን ይገፋውና ይለቀዋል፤ ፉርጎው ያለ ነጂ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ፊሽካ በጨለማ ይንከባለላል። ሌላው ሐዲድ ላይ ባቡር እየጮኸ ከሆነ የሚመጣውን አትሰማም። በደጋው ክረምት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ አስሩ ጣት ደንዝዞ፣ እንጨቶቹ ላይ ውርጭ ተኝቶ እንዲህ ያለውን ሥራ ሌሊቱን ሙሉ አስቡት። ንታቴ እንደሚሉት ሰው የሚሞተው ወይ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ሥራውን ስለማያውቀው፤ ወይ በሦስተኛው ዓመት ነው፣ በጣም ስለሚያውቀው።

እንግዲህ የውስጡ ወሬ ይኸውላችሁ። የደንብ መጽሐፉ በየትም አገር «በሚንቀሳቀሱ ፉርጎዎች መካከል መግባት ክልክል ነው» ይላል። ግልጽ ነው፣ ትክክልም ነው። የግቢው ሰዓት ደግሞ ሌላ ይላል። በደንቡ መሠረት ሎኮሞቲቩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ልጁ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ምልክት ሰጥቶ እንደገና ከተነሣ በአንድ ፈረቃ የታዘዘው ባቡር አይወጣም። ይህን ኃላፊው ያውቃል፣ ነጂው ያውቃል፣ ልጁም ከሁለት ቀን በኋላ ይገባዋል። ደንቡን የጠበቀ ልጅ «ሰነፍ» ይባልና ወደ አካፋ ይመለሳል፤ የጣሰው «ቀልጣፋ» ይባላል፣ ይመሰገናል። መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የሚወጣበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ የሞተ ቀን። ያን ጊዜ ይገለጣል፣ አንቀጹ ይጠቀሳል፣ ሟቹ ደንብ ጥሷል። አልዋሹም እኮ፤ ጥሷል። ትናንትም ጥሶ ነበር፣ ትናንት ግን ማንም አልጻፈም።

በብራምፎንቴን የሆነው የዚሁ ነገር ትልቁ ነው። በየካቲት 1896 ወደ 60 ቶን የሚጠጋ ፈንጂ የጫነ ባቡር ለማዕድኖቹ መጥቶ በበጋው ፀሐይ ከሦስት ቀን በላይ ግቢው ውስጥ ቆመ። በ19ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢው ፉርጎ የሚያመላልስ ሎኮሞቲቭ ነካው። የተከፈተው ጉድጓድ 60 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሜትር ወርድ፣ 8 ሜትር ጥልቀት ነበረው። ከ70 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። ነገሩ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ማን ነካው ብሎ ነው። የባቡር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሦስት ቀን እዚያ እንዲቆም ማን ፈቀደ? የነካው ከሞቱት ጋር ነው የሚቆጠረው፤ ያቆመው ቢሮ ውስጥ ነበር።

ልጆቹስ ከየት መጡ? በ1896 የገባው የከብት በሽታ የገበሬውን በረት ባዶ አደረገው። ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው ጦርነት እንግሊዞች የቦሮቹን፣ የነጭ ገበሬዎቹን፣ እርሻ እያቃጠሉ ሄዱ። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ ለጥቁሩ ሕዝብ ከአገሩ መሬት ሰባት በመቶ ገደማ ብቻ ተወለት። መሬት ያጣ የነጭ ልጅም የጥቁር ልጅም ወደ ሐዲዱ መጣ። አመጣጣቸው አንድ ቢሆንም ከግቢው በር ውስጥ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ነጩ «ሠራተኛ» ነው፣ ከፍ የማለት ተስፋ አለው። ጥቁሩ አርባ ዓመት ቢሞላውም «ቦይ» ነው፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው አሠሪው ባወጣለት ስም ነው፣ ያውም ያለ አባት ስም። በ1914 መጀመሪያ ነጮቹ የባቡር ሠራተኞች ከሥራ መባረርን ተቃውመው ሲያምፁ የመከላከያ ሚኒስትሩ ስማትስ ጦር አሰልፎ ዘጠኝ መሪዎችን በሌሊት መርከብ ላይ ጭኖ ወደ እንግሊዝ ሰደደ። በቆዳው የተወደደው ይህ ከደረሰበት የሌላውን እናንተው ገምቱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ልጁ እዚያ መሀል ባይገባም ይቻል እንደነበር ነው። ኤላይ ጃኒ የሚባል አሜሪካዊ ፉርጎዎቹ ሲነካኩ ራሱን በራሱ የሚቆልፍ፣ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች የሚጨባበጥ መቀጠያ በ1873 አስመዝግቦ ነበር። በዚያው ጊዜ ገደማ ሎሬንዞ ኮፊን የሚባል የአዮዋ ገበሬ በባቡር ሲሄድ አንድ ፍሬን ሠራተኛ በመቀጠያው የቀሩትን ጣቶቹን ሲያጣ በዓይኑ አየ፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ባለሥልጣናቱን ሲነዘንዝ ኖረ። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በ1889 ለምክር ቤቱ የባቡር ሠራተኛው የሚጋፈጠው አደጋ በጦርነት ላይ ካለ ወታደር አያንስም ብለው ተናገሩ፤ በ1893 ራሱን በራሱ የሚቆልፍ መቀጠያ እንዲገጠም የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። እንግሊዝም የባቡር ሠራተኞችን አደጋ ለመከላከል በ1900 የራሷን ሕግ አወጣች። ደቡብ አፍሪካ በጃኒ ዓይነት መቀጠያ መተካት የጀመረችው በ1927 ነው፤ መጀመሯ ነው እንጂ መጨረሷ አይደለም። የባቡሩን ድርጅት የሚመሩት ሰዎች አሜሪካ የሚሠራውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሎኮሞቲቭ ከዚያም ይገዙ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ፉርጎ ላይ አዲስ ብረት መግጠም ገንዘብ ነው። ልጁ ግን ርካሽ ነበር። ይህን ስል ምሬት እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው፣ ሒሳቡንም የሠሩት ሰዎች በጣም ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ጨዋታ ልጨምር፤ ይህን እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በዩተንሄግ ጣቢያ ምልክት የሚቀይር ዝንጀሮ ነበር፣ ጃክ የሚባል። ጌታው ጄምስ ዋይድ በ1881 ከገበያ ገዝቶት ዘጠኝ ዓመት ሠራ፤ በ1890 ሲሞት የራስ ቅሉ ሙዚየም ገባ። ሰው በዝንጀሮው ይስቃል፣ እኔም ስቄአለሁ። ዋይድ ዝንጀሮ ለምን አስፈለገው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ዋይድ ከፉርጎ ፉርጎ እየዘለለ የሚሠራ «ዘላዩ» የሚባል ባቡር ጠባቂ ነበር፤ በ1877 ዘልሎ ሲስት ሁለት እግሮቹ ተቆረጡ። የእንጨት እግር አስገጥሞ ምልክት ቤት ተቀመጠ። ሙዚየም የገባው የዝንጀሮው ራስ ነው፤ የሰውየውን እግር የሚያስታውስ የለም።

የአገር ቤቱስ ትሉኝ ይሆናል። የኛ ሐዲድ ከጅቡቲ የተነሣው በ1897 ነው፤ በ1902 መጨረሻ በረሃው ላይ ቆመ፣ ድሬዳዋም በዚያው ተወለደች። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በየመጽሐፉ ውስጥ የመስመሩ ጠንሳሾች አልፍሬድ ኢልግና ሸፍኖ አሉ፤ ምኒልክ ፈቅደው፣ ፈረንሳዮች ገንዘብ አምጥተው። ያንን 784 ኪሎ ሜትር በትከሻው ተሸክሞ ያስቀመጠው የቀን ሠራተኛ፣ ሱማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ ዓረብ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የቀረው በቁጥር ነው፣ ያውም ቁጥሩ ከተያዘ። የድሬ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ የምድር ባቡር ወሬ ብትጀምሩ ጥቂት ሰዓት ይፈጅባችኋል፤ በመሀል ድምፃቸው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። እኔ ያንን ቦታ ከንታቴ አፍ ስሰማው ወዲያው ነው የለየሁት።

ዘመን ተለወጠ ብላችሁ እንዳትታለሉ። በጥር 1985 አዋሽ ላይ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። የተሰማው ምክንያት ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም የሚል ነበር። ሊሆን ይችላል። በጥር 2018፣ እዚሁ ከኛ አጠገብ፣ በጀርሚስተን ገልደንሃይስ ጣቢያ አንድ የሕዝብ ባቡር ሌላውን ከኋላው መታው፤ ከ200 በላይ ሰው ቆሰለ። የመጀመሪያው ምርመራ የሰው ስህተት አለ። ይህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የባቡር ሰው «የሰው ስህተት» የሚለውን ሲያነብ ወዲያው ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ምልክቱ ይሠራ ነበር? ሽቦው አልተሰረቀም? ሰውየው በቃልና በወረቀት ባቡር እንዲያሳልፍ የተደረገው ከመቼ ጀምሮ ነው? ስህተት የሠራውን ሰው ማግኘት ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው የሚገኘው። ስህተቱን የተከለው ግን ሩቅ ነው።

በካትሌሆንግ ደግሞ ይህ ሁሉ በሌላ መልክ ነው የቀጠለው። ወደ ክዌሲኔ በሚሄደው መስመር ላይ ልጆች ከባቡሩ ውጭ ተንጠልጥለው፣ ጣሪያው ላይ ቆመው፣ በኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር ጎንበስ ቀና እያሉ ይሄዱ ነበር፤ «ስታፍ ራይዲንግ» ይሉታል። ማርኮ ካሲኖ የሚባል ጣሊያናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ይህንኑ ቀርጾ በ2014 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አገኘ። ዓለም ያየው የልጆቹን እብደት ነው። ንታቴ ግን ሲያወሩኝ እጃቸውን ዘርግተው መውጫ መውረጃውን አሳዩኝ፦ አንድ እግር ደረጃው ላይ፣ አንድ እጅ ብረቱ ላይ፣ ሰውነት ወደ ውጭ፣ ከመቆሙ በፊት ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ መውረድ። ይህ የፉርጎ ቀጣይ አወራረድ ነው። ልጆቹ ከሥራ የሚመለሱ አባቶቻቸውን አይተው ተማሩት። በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ሌቦች በየመስመሩ ሽቦውንም ጣቢያውንም ሲነቅሉ ጨዋታውም አብሮ ቀዘቀዘ፤ ያን ያህል ጥቅም እንኳ ከሌባ ተገኘ ብዬ ንታቴን ላስቃቸው ሞክሬ ነበር፣ አልሳቁም።

እንግዲህ ምናልባት ከአያታችሁ ሳጥን፣ ከድሬም ይሁን ከሌላ ቦታ፣ «ድንገተኛ ሞት» የሚል የባቡር ወረቀት ካገኛችሁ እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ። «ምክንያት» የሚለውን መስመር ዝለሉት፤ የተጻፈው ለኢንሹራንስ ነው። ሰዓቱን እዩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆነ ፈረቃው መቼ እንደጀመረ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ገጽ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። ወሩን እዩ፤ የጭነት ብዛት ያለበት ወር ነው ወይ? ልጁ በዚያ ሥራ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ እዩ፣ ማን አስተማረው የሚል ነገር ካለ በደንብ አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ከዚያ ወደ ፊርማው ውረዱ፤ የፈረመው ሰው በቦታው ነበር ወይስ ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ መጣ? የሟቹ ዕድሜ የተጻፈበትን ደግሞ አጠገቡ «በግምት» የሚል ቃል እንዳለ እዩ። ካለ፣ ልጁ ሥራ ሲጀምር ዕድሜውን የጠየቀው ሰው አልነበረም ማለት ነው።